ግልጽ ደብዳቤ ለከተማችን ከንቲባ፦ በህዝብ ብር የተሰራው ሼድ እንዴት የነጋዴ መጋዘን ሆነ?

ክቡር ከንቲባ፣ ይሄንን በአደባባይ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። በቃል ተናግረናል፣ ማመልከቻ አስገብተናል፣ ቅሬታ ሰሚ ጋርም ሄደናል። መልሱ ወይ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ነው ወይ "አብሽሩ፣ ይታያል" ነው። እስካሁን ያየው ሰው የለም።

ጉዳዩን እርስዎ ያውቁታል፣ የማያውቀው ሰው ግን እንዲረዳው ልናገር። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የማምረቻ ሼድ የተሰራው በከተማው ካፒታል በጀትና ከየቀበሌው በተሰበሰበ መዋጮ ነው። እናቴ ጉሊት ላይ በርበሬ ሸጣ የምትኖር ሴት ነች፣ መዋጮውን ከፍላ ደረሰኙን እስካሁን አስቀምጣዋለች። መሰረት ድንጋዩ የተጣለ ቀን በማይክ የተነገረው ተደራጅተው ለሚሰሩ ስራ አጥ ወጣቶች ነው ተብሎ ነው። እኛም ይሄን አምነን በብረታ ብረት ተደራጀን፣ ስልጠናውን ጨረስን፣ ቆጠብን፣ ተራ ያዝን። ከመሀከላችን በ2014ቱ ጦርነት የነበረው ዕቃ በሙሉ የተዘረፈበትና ከባዶ የጀመረ ልጅ አለ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ትሰራ የነበረችና ከጦርነቱ በኋላ፣ አጎአም (ልብሱ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባበት የነበረው እድል) ሲቋረጥ ስራ አጥታ የተመለሰች ልጅም አለች። ሼዱ ለኛ ተጨማሪ ነገር አይደለም፣ ሌላ የምንገባበት የለንም።

ሼዱ ተመረቀ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ከዛ ተቆለፈ። ቆይቶ ሲከፈት የገባው አንድ ነጋዴ ነው። ለምን፣ በስንት ኪራይ፣ በማን ውሳኔ የሚለውን የነገረን የለም።

ባለፈው ክረምት የሆነው ነው እንድጽፍ ያደረገኝ። ቦታ ስላልተሰጠን መንገድ ዳር ሸራ ወጥረን ነበር የምንበይደው፣ ልክ እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን፣ ዝናብና መብራት አንድ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከኛ በላይ የሚያውቀው የለም። ደንብ አስከባሪዎች መጡና የእግረኛ መንገድ ዘግታችኋል ብለው የብየዳ ማሽኑንና ግራይንደሩን ጭነው ወሰዱት። ለአንድ ሰውዬ የጀመርነው የቱቦላሬ በር ግማሹ ተበይዶ ግማሹ መሬት ላይ ቀረ። ዕቃችንን ለማስመለስ ስንሄድ በሼዱ በኩል ነው ያለፍነው እና በሩ ላይ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ቆሞ ሲሚንቶ እየወረደ ነበር። ለኛ በተሰራ ጣሪያ ስር የሰው ሲሚንቶ በደረቁ ተደርድሯል የኛ ማሽን ደግሞ መስሪያ ቦታ የለህም ተብሎ ታስሯል። ክቡር ከንቲባ ሁለቱንም ያደረገው እርስዎ የሚመሩት አንድ አስተዳደር ነው። ከልጆቹ አንዱ እዛው ቆሞ አለቀሰ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ የልጆች አባት ነው።

ህጉን ለእርስዎ አላስተምርም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 12 የመንግስት አሰራር ለህዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፣ አንቀጽ 43 ህዝብ አካባቢውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሀሳቡ መጠየቅ አለበት ይላል፣ አንቀጽ 89 ደግሞ ሁሉም ኢትዮጵያዊ ኑሮውን ለማሻሻል እኩል እድል እንዲኖረው ማድረግ የመንግስት ግዴታ ነው ይላል። የከተማ በጀት የሚጸድቀው በምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ለወጣቶች ማምረቻ ብሎ ባጸደቀው ብር ሼዱን ሰርታችሁ ስታበቁ ለሌላ አላማ የምታውሉት በየትኛው ስልጣን ነው? አላማው ተቀይሮ ከሆነ ማን ቀየረው፣ የትኛው ቃለ ጉባኤ ላይ አለ?

አንድ የስራ ኃላፊ "ባለሀብቱም ልማት ነው፣ ስራ ይፈጥራል" ብሎናል። ባለሀብት አይምጣ ያለ የለም፣ ይምጣ። ለሱ ግን የራሱ መንገድ አለው፣ መሬት ከፈለገ የሊዝ አዋጁ 721/2004 ጨረታና ምደባ ብሎ አስቀምጦለታል፣ ባንክም ያበድረዋል። እኛን የሚያበድረን ቆጥበን፣ ዋስ ጠርተን፣ መስሪያ ቦታ አለን ብለን ወረቀት ስናመጣ ነው፣ ያንን ወረቀት የምትሰጡት ደግሞ እናንተ ናችሁ። የሲሚንቶ መጋዘን የሚፈጥረው ስራ የአንድ ጥበቃና የጥቂት ወዛደር ነው፣ በዛ ሼድ ግን ስንት ማህበር በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የወፍጮ ዕቃ እየሰራ ግብር ይከፍልበት ነበር።

ሼዱም ቢሆን ሰኔ ሳይወጣ በጀቱ እንዳይመለስ ተብሎ በጥድፊያ ያለቀ ነው፣ ለብየዳ የሚሆን ስሪ ፌዝ መብራት እንኳን አልገባለትም። ይሄም ተጠያቂ ሊኖረው ይገባል ግን እሱን እኛ አዋጥተንም እናስገባዋለን።

የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ሼዱ ለነጋዴው የተሰጠበት ውሳኔና ውል፣ የኪራዩ መጠንና ብሩ የገባበት ሂሳብ፣ እንዲሁም ተራ የያዙ ማህበራት ዝርዝር በከተማ አስተዳደሩ ግቢ ይለጠፍ። የመረጃ ነጻነት አዋጁ 590/2000 የመንግስት መስሪያ ቤት ለተጠየቀው መረጃ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ ጥያቄያችንን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጽሁፍ መዝገብ ቤት አስገብተናል። ውሉ ያለ ጨረታ የተሰጠ ከሆነ ይሰረዝና ሼዱ በተራው ይከፋፈል፣ የመጀመሪያው ዕጣ ለኛ ካልደረሰም ቅር አይለንም፣ በግልጽ ይውጣ እንጂ። የብየዳ ማሽናችንን ደግሞ ዛሬ መልሱልን፣ እሱ ምንም ስብሰባ አይፈልግም።

መልሱን በጽሁፍ፣ በማህተም እንፈልጋለን። ካልመጣ ማመልከቻው ወደሚቀጥለው የበላይ አካል ይሄዳል።

ግልባጭ፦
ለከተማው ምክር ቤት
ለክልሉ ዋና ኦዲተር መስሪያ ቤት
ለእንባ ጠባቂ ተቋም