ለአባባ፣ ስለ ሰማያዊ ቆቦቹ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ቢቸና።

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው «እነዚህ ሰማያዊ ቆብ ያደረጉ ወታደሮች ሰው ሲያልቅ ቆመው ያያሉ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰላም አስከባሪዎችን ማለትዎ ነው። በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለምና ጻፍኩልዎ። የእህቴ ልጅ ቀስ ብሎ ያንብብልዎ።

ቅሬታዎ አይገርመኝም። አያቴ ከበላይ ዘለቀ ጋር ዱር የገቡት ጄኔቫ የነበረው የመንግሥታቱ ማኅበር፣ የዛሬው ድርጅት ቀዳሚ፣ ቃሉን ስለበላ ነው። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. ነበር። በሕጉ መሠረት አንድ አባል ሲወረር ሁሉም እንደተወረሩ ይቆጠራል። መስከረም 1928 ጣሊያን ሲገባ ማኅበሩ ፈረደበት፤ ማዕቀብም ጣለ። ነዳጁን ግን ተወው! የጣሊያን መርከብ የሚያልፍበት የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ካሚዮኑና አውሮፕላኑ ታዲያ በምን ይቆማል? እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሎኒን ወደ ሂትለር እንዳይገፉት ፈርተው ነበር። ጃንሆይ ሰኔ 23 ጄኔቫ ላይ ሲናገሩ ነገሩ አልቆ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ማዕቀቡ ተነሣ። ሕጉ ደህና ነበር። ጉልበተኞቹ አልፈለጉም፣ በቃ።

የዛሬው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም የራሱ ጦር የለውም። ወታደር የሚያዋጡት አገሮች ናቸው፤ የት እንደሚዘምት የሚወስነው የጸጥታው ምክር ቤት ነው። ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ ይቆማል። ሩዋንዳን ያስታውሳሉ? በ1986 ጭፍጨፋው ሲጀመር 2,500 ገደማ ወታደር እዚያው ነበር። አሥር ቤልጅጎች ተገደሉ፤ አገራቸው የቀሩትን አስወጣች። አዛዡ ጦር ጨምሩልኝ እያለ ሲለምን፣ ምክር ቤቱ ወደ 270 ይቀነስ አለ። እና ወታደሩ ላይ አይፍረዱበት፣ አባባ።

የእኛም ጉድ አለ። ከኤርትራ ጋር ከተዋጋን በኋላ መሃላችን ቆመው ነበር። በ1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ሲሰጥ እኛ አንገራገርን። ኤርትራ በበኩሏ ሄሊኮፕተራቸውን አገደች፣ ቀጥላም ነዳጅ ከለከለች። በ2000 ጠቅልለው ወጡ። እርስዎ ስንት ደም ያደረቁ ሽማግሌ ነዎት፤ ሁለቱም ወገን ልቡን ካልሰጠ መሃል የተቀመጠ ሰው ምን ያደርጋል?

ላይቤሪያ ላይ ግን ሆነላቸው፤ የእኛም ልጆች ነበሩበት። በ1995 ቻርለስ ቴይለር አገር ለቆ ወጣ፣ ተፋላሚዎቹ ፈረሙ፣ የአካባቢው አገሮችም ቀድመው ጦር ላኩ። ከዚያ እስከ 15,000 ወታደር ገባ፤ ለዚያች ትንሽ አገር ቀላል አይደለም። ምርጫ ተደረገ፣ በ2010 ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ።

ለእማዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። የዓይን ጠብታዎንም እንዳያቋርጡ።

አክባሪ ልጅዎ