ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ፦ ፕሮሰሰሩ ሳይሞላ ድምፅና ቪዲዮ ለምን ይቆራረጣል?

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የስቱዲዮ፣ የሠርግ ቀረጻና የቀጥታ ስርጭት ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ራም ከመግዛት በፊት ስለመለካት

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ከዚሁ ከከተማችንም ሆነ ከሸዋ ሮቢት፣ ከደብረ ሲናና ከመንዝ ላፕቶፕ ይዛችሁ ስትመጡ የምትነግሩን ነገር አንድ ዓይነት ነው። ድምፁ ጭርቅ ጭርቅ ይላል፣ ቪዲዮው ስታክ ያደርጋል፣ ታስክ ማናጀር (የኮምፒውተሩን ጫና የሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት) ሲከፈት ግን ፕሮሰሰሩ 20 ፐርሰንት እንኳ አልሞላም። ከዚያ «ራም ይጨመርልኝ» ትላላችሁ። እኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ቆዩ፣ አይጨመር» እንላለን። ዕቃ መሸጥ እየቻልን ለምን እንደዚያ እንደምንል ባንኮኒ ላይ ቆመን በጥድፊያ ማስረዳት ስላልቻልን በጽሑፍ ልናቀርብላችሁ ወደድን።

ተቀርጾ ያለቀ ሠርግ ሬንደር ሲደረግ (ወደ መጨረሻው ቪዲዮ ሲለወጥ) ቢዘገይ የሚጎዳው ጊዜያችሁ ብቻ ነው፤ ሥራው አይበላሽም። በቀጥታ የሚቀረጽ ድምፅ ግን እንዲህ አይደለም። በሰከንድ 48,000 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) እየሠራችሁ ባፈሩን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚዘጋጀውን የሳምፕል ብዛት፣ 256 ላይ ካደረጋችሁት ኮምፒውተሩ በየ5.3 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ቁራጭ ድምፅ አዘጋጅቶ ለሳውንድ ካርዱ ማስረከብ አለበት። 128 ላይ ካወረዳችሁት ያለው ጊዜ 2.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። አንዷ ቁራጭ ከዘገየች ሳውንድ ካርዱ የሚያጫውተው ያጣል። ያ የምትሰሙት ጭርቅታ በዚያች ባዶ ቦታ የሚፈጠር ነው። ድግስ ቤት ውስጥ ጋጋሪዋ በቀን ስንት እንጀራ እንዳወጣች ቢቆጠር፣ እንግዳው ፊት መሶቡ ባዶ ሆኖ የቆየበት ጊዜ ከቁጥሩ ላይ አይታይም።

ታስክ ማናጀር የሚያሳያችሁም ያንኑ ድምር ነው። ቁጥሩን የሚያድሰው በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ሲሆን፣ በ256 ባፈር በዚያች ሰከንድ ውስጥ 187 ያህል ቁራጮች ያልፋሉ። ከእነዚህ አንዷ ብትዘገይ ጆሮ ይሰማዋል፤ ፐርሰንቱ ግን ምንም አይልም። ከዚህም በላይ ቁጥሩ የሁሉም ኮሮች (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለየብቻ የሚሠሩ ክፍሎች) አማካይ ነው። 8 ኮር ያለው ማሽን አንዱ ኮር ጢም ብሎ ሞልቶ ሌሎቹ ሥራ ፈት ቢሆኑ የሚያሳየው 12.5 ፐርሰንት ነው። አንድ ትራክ ላይ ብዙ ኢፌክት ስትደረድሩ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ሥራው ተከታታይ ስለሆነ ለሌሎቹ ኮሮች አይከፋፈልም። ግራፉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ትችላላችሁ። ይህን ብቻ ብታደርጉ እንኳ ከቀድሞው የተሻለ ታያላችሁ።

ዊንዶውስ ላይ ከሁሉም የበለጠ የሚያስቸግረን ግን ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ነው። ዋይፋዩ፣ ግራፊክስ ካርዱ ወይም የባትሪ መቆጣጠሪያው ሲጣራ ዊንዶውስ የያዘውን ሥራ ትቶ የዚያን ዕቃ ድራይቨር ያስተናግዳል። ይህ አሠራር ዲፒሲ ይባላል። እሱ እስኪያልቅ ድረስ በዚያ ኮር ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ፣ ድምፅ የሚቀርጸውም ጭምር፣ ቆሞ ይጠብቃል። ማይክሮሶፍት ለድራይቨር ሠሪዎች የሚሰጠው መመሪያ አንድ ዲፒሲ ከ100 ማይክሮ ሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። ይህን የማያከብሩ ድራይቨሮች ግን በየጊዜው ያጋጥሙናል።

ባለፈው ወር አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ደንበኛችን አዲስና ጠንካራ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። 16 ጊጋ ራም አለው፤ ባፈሩ 128 ላይ ነው፤ በየጥቂት ሰከንዱ ጭርቅ ይላል። የረስፕለንደንስ ኩባንያ ሥራ የሆነውን፣ ድራይቨሮች ምን ያህል እንደሚቆዩ የሚለካውን ላተንሲሞን የተባለ ፕሮግራም ከፍተን፣ እሱ ኪቦርዱን እየተጫወተ ጥቂት ጠበቅን። ድራይቨሮቹ የሚዘረዘሩበት ገጽ ላይ ከሁሉም በላይ የወጣው የኔትወርክ ሥራ የሚያስተናግደው ኤንዲአይኤስ ሲሆን፣ ረጅሙ ቆይታው ከ3 ሚሊ ሰከንድ በላይ ነበር። በ128 ባፈር ያለው ጊዜ 2.7 ስለሆነ ድምፁ የሚተርፍበት መንገድ የለም። እጁን ከኪቦርዱ ሳያነሳ ዋይፋዩን አጠፋነው፤ ጭርቅታው እዚያው ቆመ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው ቀይ መስመርም ወደ አረንጓዴ ወረደ። ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አዲሱን የዋይፋይ ድራይቨር ጫንንለት፤ ዋይፋዩ በርቶም ችግሩ አልተመለሰም። ለራም ሊከፍል ያሰበው ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ቀረ፤ እኛም በዚህ ደስ ብሎናል።

ለድምፅ ሥራ ኤፍኤል ስቱዲዮ የተባለውን ፕሮግራም የምትጠቀሙ የኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ አንደርራንስ የሚል ቆጣሪ አለላችሁ፤ ስንት ጊዜ ድምፅ እንዳመለጠ የሚቆጥረው እሱ ነው። ሪፐር የተባለውን የምትጠቀሙ ደግሞ ፐርፎርማንስ ሜትር የሚለውን መስኮት ክፈቱ። እነዚህ ከፐርሰንቱ ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረቡ ናቸው።

መዝሙርና ሠርግ በቀጥታ የምታሰራጩ ደግሞ በስርጭት ፕሮግራሙ በኦቢኤስ ላይ ቪው የሚለው ውስጥ ስታትስ የሚለውን ክፈቱና ስርጭቱ እስኪያልቅ አትዝጉት። እዚያ ሦስት የተለያዩ የፍሬም (ቪዲዮው የሚሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) መጥፋት ዓይነቶች ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ ሁሉንም «ኔትወርክ ነው» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው። ሬንደሪንግ ላግ የሚለው ከጨመረ ግራፊክስ ካርዱ ደክሟል፤ የደረደራችሁትን ጽሑፍና እንቅስቃሴ ቀንሱ። ኢንኮዲንግ ላግ የሚለው ከጨመረ ቪዲዮውን የሚጨምቀው ክፍል አልደረሰም ማለት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ጭናችሁት ከሆነ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ኢንኮደር አዛውሩት። ድሮፕድ ፍሬምስ የሚለው ብቻ ነው የኔትወርክ ጉዳይ፤ ለእሱ ቢትሬት (በሰከንድ የሚላከውን የዳታ መጠን) ቀንሱ ወይም ከዋይፋይ ወጥታችሁ ኬብል ሰኩ። ሌላም የሚታይ ቁጥር አለ፦ አንድ ፍሬም ለመሥራት በአማካይ የፈጀው ጊዜ። በሰከንድ 25 ፍሬም ስትሠሩ ያላችሁ 40 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ በ30 ደግሞ 33። ቁጥሩ እዚያ እየተጠጋ ሲሄድ ገና ሳይቆራረጥ አንድ ነገር አቅልሉለት።

ስለ ሙቀትና ስለ መብራት በተለይ ማንሳት የፈለግነው ከአካባቢያችን የተነሳ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ በብርዱ ያለ ችግር የሠራ ላፕቶፕ ታርማበርን ወርዶ ቆላ ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ ሌላ ማሽን ይሆናል። ብዙዎቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ይህ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሳይሆን ሙሽሮቹ ከገቡ በኋላ ስለሆነ፣ የአምስት ደቂቃ ሙከራ አይበቃም። የእኛም ብርድ ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል፤ አቧራ ከያዘ ደግሞ ይብሳል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ አይጠፋም ብላችሁም አትዘናጉ። ብዙ ላፕቶፖች ወደ ባትሪ ሲዞሩ ፕሮሰሰሩን ያቀዘቅዙታል፤ ካሜራው ሳይነካ ፍሬም መዝለል የሚጀምረው ያኔ ነው። ስለዚህ ሥራ በሌለበት ቀን ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቁጥሮቹን እዩ።

ባፈርን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው። ዘፋኙ ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ሲቀረጽ ዝቅ አድርጉት፣ አለበለዚያ የራሱ ድምፅ ዘግይቶ እየመጣ ያሳስተዋል። ቀረጻ አልቆ ሚክስ ስታደርጉ ግን 1,024 ላይ ብታደርጉት ምንም አታጡም፤ ማሽኑም ያርፋል። ሳውንድ ካርዱና ፕሮግራሙ በአንድ ሳምፕል ሬት ላይ መሆናቸውንም አረጋግጡ፤ አንዱ 44,100 ሌላው 48,000 ሲሆን የሚመጣው ጭርቅታ ከዚህ ሁሉ ጋር ግንኙነት የለውም።

ከዚህ ወር ጀምሮ ለድምፅና ለቪዲዮ ሥራ የሚመጣ ማሽን ሁሉ ማንኛውም ዕቃ ከመቀየሩ በፊት በሥራ ላይ እያለ ይለካል። ውጤቱ በወረቀት ይሰጣችኋል፤ ለልኬቱ ክፍያ የለውም። ራም በእርግጥ አንሶ ካገኘነውም ያንኑ እንነግራችኋለን። ስትመጡ ላፕቶፑን ብቻ አታምጡ፤ ሳውንድ ካርዱን፣ ካፕቸር ካርዱን፣ የዩኤስቢ ማከፋፈያውን፣ ቻርጀሩንና ሁልጊዜ የምትጠቀሙበትን ገመድ አብራችሁ ያዙ፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሁሉም አብረው ሲሰኩ ነው። የተቆራረጠውን ቅጂም አታጥፉት።

የጥር ሠርግ እየደረሰ ስለሆነ ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ብትመጡ ለእያንዳንዱ ማሽን በቂ ሰዓት ልንሰጥ እንችላለን። መምጣት የማይመቻችሁ የስታትሱን ወይም የላተንሲሞኑን ስክሪን ሥራ ላይ እያለ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
የቴክኒክ ክፍል