ጡሩምባ ላልተነፋላቸው ልጆች ምልክት ይቁምላቸው

ለአዲስ አበባ ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ

ጉዳዩ፦ በቀይ ሽብር ዘመን ሰዎች የታሰሩባቸውና የተገደሉባቸው ቦታዎች ምልክት እንዲደረግባቸው ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

በ1970 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ አንደኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት ነው። የሱቅ ሰሌዳ ይሁን የዘይት ቆርቆሮ፣ ያየሁትን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብዬ ሳላነብ አላልፍም ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ከእናቴ ጋር ዳቦ ልንገዛ ስንወጣ፣ መሳለሚያ አካባቢ መንገድ ዳር ሦስት ወጣቶች ተጋድመው አየን። የመካከለኛው ደረት ላይ ካርቶን ተቀምጧል። እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «ቀይ ሽብር ይፋፋም!» እናቴ አፌን በእጇ ግጥም አድርጋ ያዘችኝ። እጇ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር።

መካከለኛው ልጅ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ክረምት ክረምት የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ሒሳብ ያስጠናን ነበር። እናቴ አውቃዋለች፤ ግን አልቆመችም። «ፊት ፊትሽን እይ» አለችኝና ዳቦ ቤት ድረስ ሄድን።

ድንኳን አልተተከለለትም። የእድሩ ጡሩምባም አልተነፋም። ያኔ ማልቀስ ራሱ ያስጠይቅ ነበር፤ የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ወላጆች ነበሩ። የሰፈራችን ሴቶች ግን መላ አላጡም። አንዷ እርሾ ልትጠይቅ፣ አንዷ ጨው አልቆባት፣ አንዷ ወንፊት ልትዋስ፣ ተራ በተራ እዚያ ቤት ገቡ። እኔም እናቴን ተከትዬ ገባሁ። የልጁ እናት፣ እትዬ፣ ወንፊቱን ሲያቀብሏት እጇን ይዘው አልለቅ አሉ። ድምፅ የለም፤ የሁለቱም ትከሻ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ስንወጣ እናቴ ወንፊቱን ለአብዮት ጠባቂዎቹ እንዲታይ ከፍ አድርጋ ያዘችው። እኛ ቤት ሁለት ወንፊት ነበረ።

መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት ሄጄ አልቅሻለሁ። ቦታው ትክክል ነው፤ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች የሰበሩት እዚያው አደባባይ ላይ ነበር። ግድያው ግን አደባባይ ላይ አልቀረም። በየቀበሌውና የቀበሌዎች የበላይ በነበረው በየከፍተኛው ወርዶ በራችን ድረስ መጥቷል። ፍርድ ቤቱ በ1999 ዓ.ም. የደርግን ባለሥልጣናት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ቢላቸውም፣ የእኛ ሰፈር መንገድ ላይ ያንን የሚናገር አንዲት ድንጋይ የለችም።

ዓለም በቃኝ እስር ቤት ፈርሶ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በ2004 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለ ዓለም በቃኝ ቢያንስ ብዙ ሰው ያውቃል። ለቀበሌ እስር ቤቶች ግን ማን ይከራከርላቸዋል? ከኮሪደር ልማቱ ጋር አሮጌ ቤቶች በየቀኑ ይፈርሳሉ። ልማቱን አልቃወምም፤ ሰፈራችን ንጹሕ መንገድ ያስፈልገው ነበር። ነገር ግን ሰው የተገረፈበት ክፍል ሲፈርስ የት እንደነበረ የሚያውቀው የእኔ እኩያና ከእኔ በላይ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ እኛም እየመሸብን ነው። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ይህንኑ ስናገር «ማስረጃ ይዘሽ ነይ» ተብዬ ተመልሻለሁ። ማስረጃው ዓይኔ ነው።

የምጠይቀው ትልቅ ሐውልት አይደለም። የእግረኛ መንገዱ ላይ የምትነጠፍ፣ ቦታውና ዓመቱ የተጻፈባት፣ ቤተሰብ ሲፈቅድም የሟቹ ስም ያለባት ድንጋይ ትበቃለች። ከዚያ በፊት ግን ባለሙያዎቻችሁ ደብተር ይዘው በየሰፈሩ እናቶችን ይጠይቁ፤ በየእድሩ ቢጀምሩ ይቀላቸዋል። በዘመኑ ከተፋለሙት ድርጅቶች ኢሕአፓ ነበር፣ መኢሶን ነበር፣ ወይም የቀበሌ ሰው ነበር ተብሎ ሟች ከሟች እንዳይለይ አደራ። በኢሕአፓ ጥይት የወደቁትም እናት ነበራቸው።

እትዬ ዛሬም በሕይወት አሉ። ዘጠና ተጠግተዋል፤ ልጃቸው የት እንደተቀበረ እስከ አሁን አያውቁም። እናንተ ዘንድ መምጣት አይችሉም፣ እግራቸው አይታዘዝላቸውም። እኔ ግን በጠራችሁኝ ቀን መጥቼ ያ ልጅ የተጋደመበትን ቦታ በእጄ አሳያችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ከመሳለሚያ ሰፈር