ጀልባዋ ላይ የነበሩት የኛ ልጆች ናቸው

ለአዘጋጁ፣

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ያወጣችሁትን የዓመቱን ማጠቃለያ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የሕዳሴው ግድብ ምረቃ ፊት ገጽ ላይ መውጣቱ ደስ ብሎኛል። 14 ዓመት ጠብቀናል። እኔም ከትንሿ ገቢዬ ቦንድ የገዛሁ ሰው ነኝ። ያናደደኝ ሌላ ነው። «ዓለም በ2017» ባላችሁት ገጽ፣ ታች ጥጉ ላይ፣ አንዲት መስመር አለች። «በየመን የባሕር ዳርቻ ጀልባ ሰጥማ በርካታ አፍሪካውያን ስደተኞች ሞቱ» ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

አፍሪካውያን? ሐምሌ 27 አብያን በሚባለው የየመን ግዛት አጠገብ የሰጠመችው ጀልባ ከ150 በላይ ሰው ጭና ነበር። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የውጭ ዜና አውታሮች እንኳ «ኢትዮጵያውያን» ብለው ነው የጻፉት። ከ70 በላይ ሰው ሞቷል። ታዲያ በአማርኛ የሚታተም ጋዜጣ የገዛ አገሩን ልጅ «አፍሪካዊ» ብሎ የሚያልፈው ለማን አዝኖ ነው? እዚህ ወሎ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ አንድ ሰው ጋ ደውላችሁ ጠይቃችኋል? ባቲስ? አልጠየቃችሁም። ጠይቃችሁ ቢሆን ያቺ መስመር እንደዚያ ሆና አትወጣም ነበር።

በዚያው ገጽ ላይ ለሮማው ሊቀ ጳጳስ ለፍራንሲስ ዕረፍት ግማሽ ገጽ ሰጥታችኋል። በፋሲካ ማግስት ነበር ያረፉት፣ እኛም አዝነናል። የእስራኤልና የኢራን የ12 ቀን ጦርነትም ከነካርታው ወጥቷል። እሱም ይሁን። ግን ሰኔ 16 ማታ ኢራን ኳታር ወዳለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሚሳኤል ስትተኩስ እኛ ሰፈር እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። ሁሉም ኢሞ ላይ ነበር። የአንዱ እህት ዶሃ፣ የአንዷ ልጅ ኩዌት፣ የሌላዋ አክስት ቤሩት ናት። እናንተ የዓለም ዜና የምትሉት እዚህ የቤተሰብ ወሬ ነው።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ጳጉሜን ሲመጣ ሥራ ይበዛል። የተማሪ ካርድ፣ የልደት ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶ፣ ሁሉም ለትምህርት ቤት ምዝገባ ነው። ዘንድሮ ግን ልብ ብዬ አይቻለሁ፣ የምዝገባው ወረፋ አጠረ። አምና የ10ኛ ክፍል ካርዳቸውን ኮፒ ያደረግኩላቸው ወንድ ልጆች ዘንድሮ አልመጡም። የት ሄዱ ብዬ አልጠይቅም፣ አውቀዋለሁ። ኮምቦልቻ ይወርዳሉ፣ በባቲ ወደ ሚሌ ይታጠፋሉ፣ አፋርን አቋርጠው ጅቡቲ፣ ከዚያ የጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ኦቦክ። ደላላው መጀመሪያ ብር አይጠይቅም። ገንዘቡ የሚጠየቀው ልጁ የመን ታግቶ ከቆየ በኋላ ነው፣ ለቤተሰብ ተደውሎ፣ ልጁ እየጮኸ።

ጋዜጣችሁን በገዛሁ ቀን አንዲት እናት ሱቅ ገቡ። ነጠላቸው በዝናብ ረጥቧል። ስልካቸውን አውጥተው የልጃቸውን ፎቶ አሳዩኝ። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ጢሙ ገና የሚያቆጠቁጥ ልጅ ነው። የዒድ ለት የተነሳው ነው አሉኝ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከኦቦክ ደውሎ «እማ፣ ባሕሩ ጋ ደርሰናል፣ ዱዓ አድርጊልኝ» ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰሙም። በዚያች ጀልባ ይኑር፣ በሌላ ይሻገር፣ የመን ታስሮ ይሁን አያውቁም። ለቅሶ አልተቀመጡም። ሬሳ የለ፣ መርዶ ነጋሪ የለ፣ እንዴት ብለው ይቀመጡ? ፎቶውን አሳድጌ አራት ቅጂ እንዳትምላቸው ፈለጉ። ጅቡቲ ለሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሊሰጡት ነው።

ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣችሁን አዩ። ማንበብ አይችሉም። «ልጄ፣ ስለ ጀልባው ይላል?» አሉኝ። «ይላል እማማ» አልኳቸው። «የማን ልጆች ናቸው ይላል?» አሉኝ። «አፍሪካውያን» የሚለውን ላነብላቸው አፌ አልታዘዘልኝም። «አብሽሩ እማማ፣ ስም አልጻፉም» ብዬ አለፍኩት። የፎቶውን ሂሳብም አልተቀበልኳቸውም።

እስቲ በእርጋታ እንነጋገር። ይህ ነገር ከሌላው ዜናችሁ ጋር ግንኙነት የለውም? የኢኮኖሚ ገጻችሁ ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር የነበረው ዶላር ከ130 ማለፉን ጽፏል። እኔ ደግሞ የወረቀትና የቀለም ዋጋ እያየሁ አውቀዋለሁ። የሳውዲ ሪያል ግን ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ድሮ 1 ሺህ ሪያል 15 ሺህ ብር ገደማ ነበር። አሁን ከ34 ሺህ በላይ ሆኗል። ይህን ሂሳብ ደላላው ከናንተ ቀድሞ ሠርቶታል። ቀን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም ውሎ ለምሳ የማይበቃው ልጅም ሠርቶታል። ሁለቱን ዜና ሁለት ገጽ ላይ ለያይታችሁ ስላስቀመጣችኋቸው ነው ዝምድናቸው ያልታያችሁ።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በ2006 ከሳውዲ ከተባረሩት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አንዷ ነኝ። ቦሌ ስንወርድ በእጄ አንድ ፌስታል ነበር የያዝኩት። የአምስት ዓመት ልፋቴ አሠሪዬ ቤት ቀርቷል። ያኔም ጋዜጦች «ተመላሾች» ብለው ቁጥራችንን ጻፉ። ከየት እንደሄድን፣ ለምን እንደሄድን፣ ማን እንደላከን የጠየቀኝ ጋዜጠኛ የለም። ያቺን ሱቅ ከፈትኩ። በ2014 ጥቅምት ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ ማሽኔ ተዘርፎ ሄደ። ተበድሬ እንደገና ገዛሁ። አሁን በዚያ ማሽን የጠፉ ልጆች ፎቶ እያተምኩ ነው።

በነሐሴ ማለቂያ መውሊድን አከበርን፣ ሳምንት ገደማ ቆይቶ እንቁጣጣሽ መጣ። ወሎ ነውና በሁለቱም በዓል ሁላችንም አንድ ማዕድ ላይ ነን። ዘንድሮ በሁለቱም በዓል የእኚያ እናት በር ተዘግቶ ነበር። ቡና እንኳ አላፈሉም።

እርማት አውጡ። «አፍሪካውያን» የሚለውን «ኢትዮጵያውያን» በሉት፣ ቀኑንም ጻፉ። ጥግ ላይ አይሁን፣ በጉልህ ይሁን። ከዚያ ዘጋቢ ላኩ፣ ባቲ ሰኞ ገበያ ቁጭ ብሎ እናቶችን ይጠይቅ። እኚያ እናት ሾፌሮቹ ምን እንዳሉ ሊነግሩኝ በየሳምንቱ ይመጣሉ። በመጡ ቁጥር ጋዜጣው ምን ይላል ይሉኛል።

ከደሴ፣ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት