የራሳችሁን ክር ለምን እንዳልተቀበልን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከጥር ወር ጀምሮ ደንበኛ ገዝቶ ባመጣው ክር ሹራብም ሆነ ዳንቴል መሥራት አቁመናል። በር ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያ ከሁለት መስመር ስለማይበልጥ ብዙዎቻችሁ ተቀይማችኋል። ደውሎ የተቆጣን አለ፤ ክሩን እንደያዘ ከደጅ የተመለሰ አለ። ድንገት ስለሆነባችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ይጸናል፤ ለምን እንደሚጸና ደግሞ በዝርዝር ልንነግራችሁ ይገባል።

«የራሳቸውን ክር ሊሸጡ ፈልገው ነው» መባሉን ሰምተናል። ክር ላይ እናተርፋለን፣ አንዋሽም፤ የተደረደረበት ቦታም ኪራይ ይከፈልበታል። ነገር ግን የአንድ ሹራብ ትልቁ ወጪ ክሩ ሳይሆን ጉልበቱ ነው። ያ ጉልበት በማይስማማ ክር ላይ ከፈሰሰ እናንተም እኛም እንከስራለን።

በቁጥር እንየው። የደረቱ ዙሪያ 100 ሳንቲሜትር የሆነ ተራ የአዋቂ ሹራብ ታዘዘ እንበል። መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር በ4 ሚሊሜትር መርፌ ሲሠራ 10 ሳንቲሜትር ላይ አብዛኛውን ጊዜ በወርድ 22 ቀለበት (መርፌው ላይ የሚያዝ አንድ የክር ዙር)፣ በቁመት 30 ረድፍ ይይዛል። ስለዚህ ለደረቱ ዙሪያ 220 ቀለበት ያስፈልጋል። የመጣው ክር ትንሽ ወፈር ብሎ በዚያው 10 ሳንቲሜትር 20 ቀለበት ብቻ ቢይዝስ? ያው 220 ቀለበት 110 ሳንቲሜትር ይወጣዋል። የሁለት ቀለበት ልዩነት ሲሰሙት ማንንም አያስደነግጥም፤ ትከሻው ወርዶ ክንድ ላይ ሲያርፍ ግን ሁሉም ሰው ያየዋል። በቀጭን መርፌ አጥብቀን እንሥራው ብንል ልኩ ይመጣና ጨርቁ ይገተራል፤ ሰውነት ላይ አይወርድም፣ ክሩም ከታሰበው በላይ ያልቃል።

ስለዚህ ንድፍ አውጪዋ ከየትኛውም ክር መጀመሪያ የሙከራ ቁራጭ ትሠራለች። ቁራጩ በየጎኑ 15 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል፤ ዳር ዳሩ ስለሚጠቀለልና ስለሚላላ ልኩ የሚወሰደው ከመሃሉ 10 ሳንቲሜትር ላይ ነው። ከዚያ ይታጠባል፣ ሳይሰቀል ፎጣ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ እንደገና ይለካል። ሳይታጠብ የተለካ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ያታልላል። ለምናውቀው ክር ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ተሠርቶ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ለማናውቀው ክር ግን በየትዕዛዙ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ በክረምት ቁራጩ እስኪደርቅ ብቻ ሁለትና ሦስት ቀን ይሄዳል። ለዚህ ሥራ ክፍያ ጠይቀናችሁ አናውቅም።

ከቁራጩ በኋላ የሚመጣውን ደግሞ ቁጠሩት። ሹራቡ 60 ሳንቲሜትር ቁመት ካለው 180 ረድፍ ነው፤ ሁለቱ እጅጌዎች ሲጨመሩ ሥራው ከ50 ሺህ ቀለበት ያልፋል። ፈጣን እጅ በደቂቃ 25 ቀለበት ቢሠራ እንኳ ያለ ዕረፍት ከ33 ሰዓት በላይ ማለት ነው። መገጣጠሙ፣ አንገቱ፣ የክር ጫፎችን መደበቁና የመጨረሻው እጥበት ገና አልተቆጠሩም። «ትንሽ ሰፋብኝ፣ አስተካክሉልኝ» ስትሉን መቀስና ስፌት የሚፈታው ይመስላችኋል፤ በእጅ የተሠራ ሹራብ ግን ወርዱ የሚስተካከለው ተተርትሮ ነው።

ሌላው ጣጣ ክሩ ምን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። በገበያችን ለስላሳና ሞቃት ክር ሁሉ «ሱፍ» ይባላል፤ አብዛኛው ግን አክሪሊክ የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው። አክሪሊክን አንንቅም። ዋጋው ይቀላል፣ ብል አይበላውም፣ እጥበት ይችላል፤ ለልጅ የትምህርት ቤት ሹራብ ከሱፍ ይልቅ እሱን እንመክራለን። ነገር ግን አያያዛቸው ለየቅል ነው። ሱፍ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲታሽ የጠጉሩ ቅርፊቶች እርስ በርስ ይቆላለፉና ይኮማተራል፤ የአባት ሹራብ ለልጅ ይሆናል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም። አክሪሊክን ደግሞ የጋለ ካውያ ይገድለዋል፤ መሳሳቡን ያጣል፣ የወገቡና የእጅጌው ላስቲክ ይረግባል። ሻጩ «ሱፍ ነው» ብሎ የሰጣችሁን ክር እኛ «ሱፍ ነው» ብለን ብንሠራውና በካውያ ቢበላሽ፣ ሹራቡ ይዞ የሚመጣው የእኛን ስም ነው።

ቤታችሁ ያለውን ክር መለየት ከፈለጋችሁ 10 ሳንቲሜትር ያህል ቁረጡ፣ በወረንጦ ይዛችሁ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ክብሪት አስጠጉት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ እሳቱ ሲርቅ በራሱ ይጠፋል፣ የቀረውም በጣት ይደቅቃል። አክሪሊክ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ በጣት የማይሰበር ጠንካራ ጥቁር ጠጠር ይሆናል። ትኩሱን እንዳትነኩት። በቅይጥ ክር ላይ ግን ይህ ዘዴ ብዙም አያስተማምንም፤ ጥቂት ሱፍ የተቀላቀለበትን አክሪሊክ ክብሪት አይለየውም።

ቀለምም አለ። የጥቅሉ ወረቀት ላይ አንዱ ቁጥር የቀለሙ ሲሆን ሌላው የሎቱ ነው፤ ሎት ማለት በአንድ ጋን፣ በአንድ ጊዜ የተነከረው ማለት ነው። የቀለም ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሎቱ ከተለያየ ሁለቱ ጥቅሎች አንድ አይደሉም። ሱቅ ውስጥ በአምፖል ብርሃን አይታይም፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ደረት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። ስድስት ጥቅል ዛሬ፣ አራት ጥቅል ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚገዛ ደንበኛ የሚገጥመው ይኸው ነው። ማቃለያው ከሁለቱ ሎት ሁለት ሁለት ረድፍ እያፈራረቁ መሥራት ነው፤ ልዩነቱን ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ሥራውንም ያዘገየዋል። ወረቀቱ ተገንጥሎ የመጣ ክር ላይ ይህንንም አስቀድመን ማወቅ አንችልም።

ከሁሉ ያቆሰለን ግን «ክሬን አስቀሩብኝ» የሚለው ነው። ይህን ስሞታ ከምንወዳቸው ሰዎች አፍ ሰምተናል። ለአዋቂ ተራ ሹራብ በመካከለኛ ክር 500 ግራም ገደማ፣ በርዝመት 1,100 እስከ 1,200 ሜትር ይገባል። ጉንጉን ያለበት ከሆነ ቀለበቶቹ እየተሻገሩ ወርዱን ስለሚሰበስቡት 600 ግራም ሊደርስ ይችላል። በኪሮሽ የሚሠራ ተመሳሳይ ልብስ ደግሞ በመርፌ ከሚሠራው ሲሶ ያህል ሊበልጥ ይችላል። በግራም ብቻ መግዛትም ያሳስታል፤ ጥጥ ከአክሪሊክ ስለሚከብድ ውፍረታቸው ተመሳሳይ ሆኖ 100 ግራም ጥጥ በሜትር ያንሳል። በዚህ ላይ የሙከራው ቁራጭ አለ፣ በየጥቅሉ መጋጠሚያ ተቆርጦ የሚደበቀው ጫፍ አለ። ክሩ አንድ እጅጌ ሲቀረው ያልቃል፤ ደንበኛው ሱቁ ሲመለስ ያ ሎት የለም፤ ጥፋተኛ የምንሆነው እኛ ነን።

«ስካርፍና የልጅ ብርድ ልብስስ? ልክ አይፈልጉም» ያላችሁን እውነታችሁን ነው፣ ልክ አይፈልጉም። ሎቱና የክሩ ማነስ ግን እዚያም አሉ። የላላ ክር በወር ውስጥ ትንንሽ ኳስ ሲያወጣ ደግሞ «ሥራችሁ ተበላሸ» እንጂ «ክሬ ደካማ ነበር» የሚል እስካሁን አልገጠመንም። ስለዚህ ለነሱም በር አልከፈትንም።

አንድ ነገር ብቻ ለይተናል፤ የእናት ፈትል። በእንዝርት የተፈተለ የጥጥ ልቃቂት ይዛችሁ ስትመጡ «ከሱቅ ግዙ» የማለት ድፍረቱ የለንም፤ እንዲህ ያለ ነገር በገንዘብ አይተካም። ቢሆንም የሚሆነውንና የማይሆነውን እንነግራችኋለን። ለሸማ የሚፈተለው ፈትል ነጠላ ነው፤ የፈታይዋ ጥምዝ በሙሉ ውስጡ አለ። እንዳለ ሹራብ ከተሠራ ያ ጥምዝ ሊፈታ ሲታገል ጨርቁን ወደ አንድ ጎን ያጣምመዋል፤ የጎኑ ስፌት ዞሮ ሆድ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ፈትል ጎን ለጎን ይዘን ከተፈተሉበት አቅጣጫ በተቃራኒ እንገምዳቸዋለን፤ ጥምዛቸው ያኔ ይመጣጠናል። ርዝመቱ ከግማሽ በታች ይሆናል፣ ይህን አስቡበት። ጥጥ ደግሞ እንደ ሱፍ ተስቦ የሚመለስ አይደለም፤ ከባድ ቀሚስ ከሆነ በራሱ ክብደት እየወረደ ይረዝማል። ከፈትል የሕፃን መጠቅለያ፣ የትከሻ ልብስና የትራስ ዳንቴል ያምራል፤ ሹራብ ግን አንመክርም። የመንዝ በግ ጠጉር የሚያመጡልንም አሉ። ለባናና ለበርኖስ ወደር የለውም፤ አንገት ላይ ለሚያርፍ ነገር ግን ይኮሰኩሳል።

አሁን ወደ ዋጋው። ሹራብም ዳንቴልም ጨምሯል፤ አይተናችኋል፣ ዋጋ ጠይቃችሁ ዝም ብላችሁ የወጣችሁትን። መደርደሪያችን ላይ ያለው አብዛኛው ክር ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አልፏል፤ ክሩም አብሮ ሄደ። ሠራተኞቻችንም የሚበሉት ከዚሁ ገበያ ነው፤ የእጅ ዋጋቸውን ባለበት ይዘን ክሩን ብቻ ልንጨምር አንችልም። ኪሮሹ ላይ ደግሞ «በማሽን ሥሩትና ይርከስ» የሚል ምክር ይመጣል። ሹራብ በማሽን ይሠራል፤ ኪሮሽን ግን እንደ እጅ አድርጎ የሚሠራ የፋብሪካ ማሽን የለም። መርፌዋ በየቀለበቱ ሌላ ቦታ ትገባለች፣ የት እንደምትገባ የሚያየው ዓይን ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ በጣም ረክሶ የምታዩት የኪሮሽ ልብስ ከማሽን አልወጣም፤ የአንዲት ሴት እጅ ረክሶ ነው።

ክር የምንገዛበት ገንዘብ ባልነበረን ጊዜ ክር ይዛችሁ የመጣችሁልን እናንተ ናችሁ፤ ይህ ቤት የቆመው በእናንተ ክር ነው ብንል አላጋነንንም። ያን ጊዜ የምንሠራው የሶፋና የጠረጴዛ ዳንቴል ነበር፤ ሁለት ሳንቲሜትር ቢሰፋ ጠረጴዛው ቅር አይለውም። አሁን የሚለበስ ነው የምታዙን። ለሚለበስ ነገር ደግሞ ከክሩ ጀምሮ ኃላፊነቱን እኛ ካልወሰድን ሥራው ሥራ አይሆንም። ከድሮ ጀምሮ ታውቁናላችሁና አትሂዱብን፤ መጀመሪያ አነጋግሩን።

ከጥር በፊት የተቀበልናቸው ትዕዛዞች በሙሉ በመጣው ክር፣ በተስማማነው ዋጋ ያልቃሉ። የተቀደደና የተተረተረ ሹራብ ለመጠገን የራሳችሁን ክር አምጡ፤ እንዲያውም የሚመረጠው እሱ ነው። ከአሁን በኋላ ለአዲስ ትዕዛዝ ግማሹን ቅድሚያ እንቀበላለን፤ የክሩን አንድ ሎት ለእናንተ ለይተን የምናስቀምጠው በዚያ ገንዘብ ነው። የሙከራውን ቁራጭ ከዋናው ሥራ በፊት መጥታችሁ በእጃችሁ ንኩት፤ ካልተመቻችሁ ክሩን ያለ ክፍያ እንለውጣለን። ዋናው ሥራ ከተጀመረ ግን አይሆንም።

ለክርስትና የምታዙ፣ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን መሆኑን እያወቃችሁ ሳምንት ሲቀረው አትምጡ። ልብሱ፣ ኮፍያውና መጠቅለያው አንድ ላይ ከሆነ ሦስት ሳምንት ስጡን። ለሕፃን ትልልቅ ቀዳዳ ያለው ንድፍ አንሠራም፤ ጣት ይሾልክበትና ይታሰራል። የክረምት ሹራብ የሚፈልግ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይዘዝ፤ በሰኔ ለሚመጣ ለነሐሴ ቃል አንገባም።

ካለፉ ትዕዛዞች የተረፈ ክር እኛ ጋ የቀረባችሁ ካላችሁ፣ ስማችሁና ክብደቱ ተጽፎበት ባንኮኒው ጀርባ ባለው ሳጥን ውስጥ አለ። መጥታችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ ውሰዱት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሹራብና የዳንቴል ቤታችሁ ባለቤት