ጣርማበር ላይ «ራሱ ይነዳል» ብሎ ስልክ ማየት ይቅር

ለዝግጅት ክፍሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ፣ የምጽፈው ከደብረ ሲና ነው።

በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና በኛም መንገድ በዝቷል፣ ጥሩ ነው አልቃወምም፣ ግን አንዳንዶቹ መስመር ጠብቀው የሚሄዱ ከፊት ካለው መኪና ርቀት የሚይዙ ናቸውና ሹፌሩ በቃ ራሱ ይነዳል ብሎ ስልኩን ያወጣል። በቅርቡ ከደብረ ብርሃን ሊፍት የሰጠኝ ወጣት የጣርማበር ዋሻ ጋ ሳንደርስ ጉሙ መሀል ቲክቶክ ከፈተ፣ ዝጋው ስለው «አይዞዎት ጋሼ ካሜራ አለው» አለኝ። እንዴ! ጉም እኮ ለካሜራም ጉም ነው፣ የአስፋልቱ ቀለም የለቀቀበት ቦታም መስመሩን ያጣዋል። በሰዓት 40 እንኳን እየሄዱ 3 ሰከንድ ስልክ ማየት ማለት ከ30 ሜትር በላይ ሳያዩ መሄድ ነው፣ እዛ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ኩርባው ጋ አህያም ልጅም አይሱዙም አለ።

ሰው ያልገባው ነገር ቁጭ ብሎ ማሽን መጠበቅ ራስ ከመንዳት ይከብዳል። ሲነዱ እጅም እግርም ሥራ አለው፣ ምንም ሳይሠሩ መጠበቅ ሲሆን ግን ሐሳብ ይሄዳል። ኖርማን ማክዎርዝ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት ሰዎችን ሰዓት የሚመስል ነገር ላይ እንዲያፈጡ አድርጎ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይበልጥ ብዙ ነገር ሲያመልጣቸው አይቷል፣ ያኔ የእጅ ስልክ እንኳን የለም።

አሜሪካ ቴምፒ ከተማ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 ማታ የኡበር ኩባንያ ራሱን የሚነዳ የሙከራ መኪና ብስክሌት እየገፋች የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። መኪናው ከ5.6 ሰከንድ በፊት አንድ ነገር እንዳለ አይቷል ግን ሰው መሆኗን አልለየም፣ እሱን እንድትጠብቅ መሪው ጋ የተቀመጠችው ሠራተኛ ደግሞ ስልኳ ላይ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ከፍታ ነበር፣ በኋላም ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለች። ደሞዝ የሚከፈላት ለዚሁ ነበር እኮ! እዚህ ደግሞ መኪናውን ሲገዛ ማንም ምንም ያላስረዳው ሰው ነው የሚነዳው።

ስለዚህ መኪና ሻጮች እባካችሁ ቁልፍ ስታስረክቡ ይሄ ነገር ሹፌር አይተካም፣ ኃላፊነቱ የአንተ ነው ብላችሁ ንገሩት፣ በቻይንኛ የተጻፈ ስክሪን ብቻ ሰጥታችሁ አትሸኙት። ማሰልጠኛዎችም ትምህርቱ ውስጥ አስገቡት። ትራፊክ ፖሊሶች ደግሞ «መኪናው ነው የሚነዳው» የሚል ሹፌር ስልክ ይዞ ካገኛችሁ እንደማንኛውም ሹፌር ቅጡት፣ በተለይ ከጣርማበር እስከ ደብረ ሲና ባለው ቁልቁለት በጉም ሰዓት ቆማችሁ እዩልን።