የደሴ ሙዚየም ድምፅም ይኑረው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ቤት ሳጸዳ ከመሳቢያ ውስጥ አንድ የድሮ ካሴት አገኘሁ። የአያቴ ድምፅ ያለበት ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

የቀዳው ታላቅ ወንድሜ ነው። ያኔ ልጆች ነን፤ የምንኖረው ሰኞ ገበያ አካባቢ ነበር። አያቴ ከሰዓት ቡና ስታፈላ ቴፑን ከመጋረጃ ጀርባ ደበቀው። መጀመሪያ ሙቀጫው ይሰማል። ከዚያ ጨዋታ፣ ሳቅ፣ የሲኒ ኳኳታ። በረካው ሲቀዳ ቤቱ ጸጥ ይላል። አያቴ ዱዓ ትጀምራለች። ለጎረቤቱ፣ ለመንገደኛው፣ ለታመመው፣ ለዝናቡ፣ ለከብቱ። ሴቶቹ ምርቃቱን ይቀበላሉ። ጆሮ ሰጥቶ ላዳመጠ ግን የሚመልሱት አንድ ቃል አይደለም። ግማሾቹ «አሚን» ይላሉ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን «አሜን» ይላሉ። ሁለቱ ተደራርበው ነው የሚሰሙት። ወሎን አሳዪኝ የሚል እንግዳ ቢመጣብኝ መጀመሪያ የማሰማው ይህንን ነው።

ወንድሜ ኋላ ላይ ካሴቱን ሲያሰማት አያቴ ደስ አላላትም። «ሳትጠይቀኝ? ዱዓ እንደ ዘፈን ይቀዳል እንዴ?» ብላ ብዙ ቀን አኩርፋዋለች። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ካሴቱን ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይዤው ሄጄ ነበር። ሻጋታ ጀምሮት ስለነበር ሳይበላሽ እንዲገለብጡልኝና አንድ ቅጂ እንዲያስቀሩ ፈልጌ ነው። «እኛ የምንመዘግበው ዕቃ ነው» አሉኝ። በትሕትና ነው የነገሩኝ፤ ክፋት አልነበረበትም። ግን የአያቴን ረከቦት ተሸክሜ ብሄድ ኖሮ ይቀበሉኝ እንደነበር ሳስብ እስካሁን ይከነክነኛል።

መምህርት ነኝ። ከጦርነቱ በፊት ተማሪዎቼን የደሴ ሙዚየምን አስጎብኝቻለሁ። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ያ ቤት ራሱ ቅርስ ነው። ከባህል ዕቃዎቹ ፊት ስንደርስ አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ይሄማ እኛ ቤትም አለ» አለኝ። እውነቱን ነው። ዕቃው ቤቱ አለ። ዕቃው ፊት ተቀምጦ የሚባለውን ግን አያውቀውም። ስጠይቀው ቡናው የሚፈላው ቴሌቪዥን ተከፍቶ እንደሆነ ነገረኝ።

ከዚያ 2014 ዓ.ም. መጣ። ሙዚየሙ ተዘረፈ። የተወሰደው ተፈልጎ ይመለስ የሚሉትን ሁሉ እደግፋለሁ፤ ሊሰለቸንም አይገባም። ነገር ግን ሙዚየሙን ስናቋቁም ባዶውን መደርደሪያ በመሙላት ብቻ እንዳንቆም እለምናለሁ። መኪና ላይ የማይጫን ቅርስ አለን። እሱ ሌባ ሳይነካው ከባለቤቶቹ ጋር አፈር እየገባ ነው።

ይህን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእጅ የማይዳሰሰውን፣ በዓይን የሚታየውንና በጆሮ የሚሰማውን ቅርስ ብሎ ያውቀዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣውን የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነትም አገራችን ተቀብላለች። መስቀል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ገዳ፣ ጥምቀት፣ በቅርቡ ደግሞ የሐረሪው ሸዋል ኢድ በዚያ ተመዝግበዋል። እሰየው። መዝገቡ ላይ የሌለውስ?

ከአራቱ የሙዚቃችን ቅኝቶች የሁለቱ ስም የእኛው አገር ስም ነው። ባቲ እና አምባሰል። የደሴ ልጅ የባቲን መንገድ ያውቃል፤ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ምሥራቅ ነው። የባቲን ቅኝት ከአምባሰል በጆሮው ለይ ቢባል ግን ብዙው አይችልም። ክራር በመስታወት ውስጥ ሰቅሎ ሥሩ «ክራር» ብሎ መጻፍ ይህን አያስተምርም። ማዳመጫ ማስቀመጥ፣ አንዱን ዜማ በሁለቱም ቅኝት ማሰማት ግን ያስተምራል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መንዙማን ደግሞ ተመልከቱ። እነ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር አማርኛውን በዓረብ ፊደል ጽፈውታል፤ ዓጀሚ የሚባለው ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ መስታወት ውስጥ ብታስቀምጡት ጎብኚው ዓረብኛ መስሎት ያልፋል። አንድ የሚያነብ ሰው አጠገቡ ቆሞ በዜማ ሲያወጣው ግን ያ ጎብኚ የገዛ ቋንቋውን ይሰማል። ወረቀቱ ያለ ድምፁ ግማሽ ነው።

አበጋሮቻችንስ? ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖችን አስቀምጠው፣ ዱዓ አድርገው፣ ካሳውን ተነጋግረው፣ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ናቸው። ለመስታወት የሚሆን ዕቃ የላቸውም። ማን መጀመሪያ ይናገራል? የበዳይ ወገን የት ይቀመጣል? እምቢ ያለ ቤተሰብ በምን ቃል ይለመናል? ይህን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ በዕድሜ እየገፉ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ይህ እውቀት የሚያስፈልገን ለጎብኚ ብቻ አይደለም።

አገር ውስጥ የምናየው ምሳሌ አለ። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የባህል ዕቃዎቹን ያሰናዳው በሰው ልጅ ዕድሜ ነው፤ ከልደት ጀምሮ እስከ ሞት። ስለዚህ ዕቃውን ስታይ ሰውየው ይታይሃል። በሐረር የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ከዕቃው ጎን የድሮ ዘፈኖችን ቅጂም ሰብስቧል።

ለእኛም አንድ ክፍል ይበቃል። አግዳሚ ወንበር፣ ማዳመጫ፣ ጥሩ ስክሪን። በወር አንድ ቀን ባለሙያው ራሱ ይምጣ፤ ሸማኔው ይሸምን፣ ክራር መቺው ያስተምር። ሲመጡም ይከፈላቸው። የምስክር ወረቀት ሰጥቶ፣ ለስላሳ አጠጥቶ መሸኘት ነውር ነው። ቀረጻውን ተማሪዎች ይጀምሩት፤ ሞባይል ያልያዘ ልጅ የለም፣ አያት ያላቸውም ብዙ ናቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደጃችን ላይ ነው። ኮምቦልቻ ያሉት የቴክኖሎጂ ተማሪዎቹ የሻገተ ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ አያቅታቸውም። ድምፅ ደግሞ ከዕቃ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ ይባዛል። አንዱ ደሴ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ከቤተሰቡ ዘንድ ይቀመጥ። ያኔ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

አሁን ወደ አያቴ ኩርፊያ ልመለስ። ትክክል ነበረች። የዩኔስኮው ስምምነትም ቢሆን የባለቤቱን ማኅበረሰብ ተሳትፎ ይጠይቃል። ሁሉ ነገር መድረክ ላይ አይወጣም። ወዳጃን፣ ተሰብስበን ዱዓ የምናደርግበትን፣ ውሰዱ፤ ለጎብኚ ተብሎ ሰዓት ከተቆረጠለት ወዳጃ መሆኑ ይቀራል። የጸሎት የሆነውን ሼሆቹንና ካህናቱን እንጠይቅ፤ ይቅር ካሉ ይቅር። ተቀድቶ የማይሰማ፣ ለቤተሰብ ብቻ የሚቀመጥ ድምፅም ይኑር። ማን እንዳለው ስሙ ይጻፍ፤ ስሜ አይጻፍ ካለም ይከበርለት።

ካሴቱን ፒያሳ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ክሩን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ከተተልኝ። መሐሉ ላይ ትንሽ ተቆርጧል፤ የቀረው ይሰማል። ሙዚየሙ የድምፅ ክፍል የከፈተ ቀን አመጣዋለሁ። ሙቀጫውንና ጨዋታውን ለሁሉም። ዱዓውን ግን መጀመሪያ እናቴን አስፈቅጄ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት መምህርት፣ ከደሴ